የእናትና የልጅ ንግግር፦ ካሜራው ማን ላይ ይሁን?

ጀማሪ ኤዲተር

ሰላም ለሁላችሁ። አጭር ፊልም እየሠራን ነው፤ ኤዲቲንጉ የእኔ ድርሻ ነው። አንድ ትዕይንት ላይ ስለተያዝኩ ምክር ፈልጌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ቡና እያፈላች ነው። ልጇ አመሻሽ ላይ ከሥራ መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘመድ ያወራሉ። ከዚያ ድንገት «እማዬ፣ የደሴውን ቤት እኮ ባለፈው ሳምንት ሸጥኩት» ይላታል። ቤቱ የሟች አባቱ ነው። እናትየዋ ዝም ትላለች። ትንሽ ቆይታ «ስኳር ልጨምርልህ?» ትለዋለች። በዚሁ ያልቃል።

ያለን አንድ ካሜራ ነው። ጠዋት እሷን ቀረጽን፣ ከምሳ በኋላ እሱን። ሰፊ ሾትም አለን። ሁለቱም ላፔል ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ) አድርገዋል፣ ቡምም (በዘንግ የሚያዝ ማይክ) ነበር። ትወናው ግሩም ነው፤ እናትየዋማ ታስለቅሳለች። ግን ስገጣጥመው ነፍስ የለውም። እሱ ሲናገር እሱን አሳያለሁ፣ እሷ ስትናገር እሷን። ያዩት ጓደኞቼ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ መሰለን አሉ። ዳይሬክተሩ ከሥሩ ሙዚቃ እናስገባ ይላል። እኔ ግን በሙዚቃ የሚፈታ አይመስለኝም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከሚናገረው ወደሚሰማው ሰው መቼ ነው የምቆርጠው? ሁለተኛው ደግሞ ሾት በቀየርኩ ቁጥር የጀርባው ድምፅ ይዘላል። በእሷ በኩል የጎረቤት ብየዳ ይሰማል፤ በእሱ በኩል ብየዳው የለም፣ አዛን አለ። ላፔሉም የእናትየዋ ነጠላ እየነካካው ይንኮሻኮሻል። ምን ይሻለኛል?

ከሬዲዮ የመጣሁ

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ትክክል ነው። ሙዚቃውን ለጊዜው ተወው።

እኔ ወደ ፊልም የመጣሁት ከሬዲዮ ድራማ ነው። በሬዲዮ ፊት የሚባል ነገር የለም። አንዲት ሴት መደንገጧን አድማጩ የሚያውቀው በትንፋሿ ነው፣ በዝምታዋ ነው፣ ሲኒውን ከረከቦቱ ላይ በምታስቀምጥበት ሁኔታ ነው። ይህን ልማድ ይዤው መጣሁ፤ ዛሬም አልተውኩትም። ሰዎች የሚነጋገሩበትን ትዕይንት መጀመሪያ የምቆርጠው በጆሮዬ ነው።

አንተም እንዲህ ሞክረው። አዲስ ታይምላይን (ምስልና ድምፅ የሚደረደርበትን መስመር) ክፈትና ምስሉን ሸፍነው። ድምፁን ብቻ ደርድር። ከየቴኩ፣ ማለትም ደጋግማችሁ ከቀረጻችሁት ከእያንዳንዱ፣ ጥሩ የተባለበትን ዓረፍተ ነገር ምረጥ። በመሃላቸው ያለውን ፋታ አስተካክል። የሚጣደፍበት ቦታ ካለ አስታግሰው፣ የሚጎተት ካለ አሳጥረው። ዓይንህን ጨፍነህ ስትሰማው እናትና ልጅ በእውነት የሚነጋገሩ እስኪመስልህ ድረስ ምስል አትንካ። ፊቶቹን የምታለብሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ስትሠራ አንድ ነገር ይገለጥልሃል። ንግግሩ አልቋል፤ ምስሉ ንግግሩን እያሳደደ መሮጥ የለበትም። ስለዚህ «አሁን የሚናገረው ማነው?» ብለህ መቁረጥህን ታቆማለህ። «ይህ ንግግር የሚነካው ማንን ነው?» ብለህ ትጀምራለህ። ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ ሲያወሩ ሁለቱንም አይነካም፤ ሰፊው ሾት ይበቃል። በሰፊው ሾት ላይ ረጅም ጊዜ ለመቆየት አትፍራ። እጇ ሲሠራ፣ እሱ ጫማውን ሲያወልቅ እንይ። ክሎዝ አፑን ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆጥብላት። ገና ከመጀመሪያው ፊት ለፊት እያፈራረቅክ ካሳየኸን፣ ቤቱ ሲሸጥ የምታሳየን አዲስ ነገር አይኖርህም።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንምጣ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «እማዬ፣ የደሴውን ቤት እኮ ባለፈው ሳምንት...» እስኪል ድረስ እናትየዋ የምታውቀው ነገር የለም። አሳድሶት ሊሆን ይችላል። አከራይቶት ሊሆን ይችላል። ሄዶ አይቶት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር እንደሆነ ግን ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ነው የቀራት። ያቺ ቅጽበት ወርቅ ናት። «ባለፈው ሳምንት» ሲል ወደ እሷ ቁረጥ። «ሸጥኩት» የምትለዋ ቃል እሱን ሳናየው፣ እሷ ፊት ላይ ትውደቅ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ግሡን ከእናትየዋ ጋር አብሮ ይጠብቃል፤ አብሮም ይሰማዋል።

አሁን እንዳደረግከው «ሸጥኩት» ካለ በኋላ ከቆረጥክ ግን ተመልካቹ ዜናውን ቀድሞ ሰምቷል። ወደ እሷ የሚሄደው ደነገጠች ወይስ አልደነገጠችም ብሎ ለማጣራት ነው። ያ ነው ቃለ መጠይቅ ያስመሰለው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት የኤዲቲንግ ትምህርቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ንግግር የተሠሩ ናቸው። እንግሊዝኛ «ሸጥኩ» የሚለውን ገና ከአፉ ያወጣዋል፤ ቤቱ፣ ከተማው፣ ቀኑ በኋላ ይከተላል። ስለዚህ ሰሚው ቶሎ ደንግጦ ቀሪውን ዓረፍተ ነገር በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ እዚያ ዘግይቶ ወደ ሰሚው መቁረጥ ያስኬዳል። በእኛ ቋንቋ አያስኬድም። አሉታውም ከግሡ ጋር ስለሆነ የሚመጣው «ሸጥኩት» ይሁን «አልሸጥኩትም» እስከ መጨረሻው አይታወቅም። በተለይ ክስ፣ ሽምግልና ወይም ጥያቄ ያለበትን ትዕይንት ስትቆርጥ ይህን አስታውስ። የፊልም ኤዲተሮቻችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ሲነጋገሩ አለመስማቴ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የሚቀጥለው ሰው ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ ሲገባ ጄ ከት ይባላል። የፊተኛው ድምፅ ምስሉ ከተቀየረ በኋላ ሲቀጥል ኤል ከት ነው። ስማቸው የመጣው ታይምላይን ላይ ከሚሠሩት ቅርጽ ነው። «ሸጥኩት» እሷ ፊት ላይ ስትወድቅ ኤል ከት ሠራህ ማለት ነው። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግህም። ድምፅና ምስል እኩል እንዲቆረጡ የሚያስገድድ ሕግ እንደሌለ ብቻ እወቅ።

ሌላው ትንፋሽ ነው። እኛ ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን፤ እየሰማሁህ ነው፣ አዎ ማለታችን ነው። እናትየዋ ራሽ (ገና ያልተቆረጠው ቀረጻ) ውስጥ በእርግጠኝነት ብላዋለች፤ ፈልገህ አውጣት። ድምፅ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች ይህችን ትንፋሽ እንደ ጉድፍ ቆጥረው ይጠርጓታል። ብዙ የአማርኛ ድራማ ውስጥ ሰዎች ደረቅ ሆነው የሚሰሙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ጎረቤት ሲያወሩ ደጋግማ «እህ» ትበል። ቤቱ ሲነሳ ትቁም። እስካሁን ስትሰጠው የነበረው ምላሽ መቋረጡን ተመልካቹ ልብ ሳይለው ይሰማዋል።

ለዝምታውም አንድ ምሳሌ ላንሳ። በፈረንጆች 1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» አይተኸው ይሆናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማይክል ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎችን ሊገድል የተቀመጠበት ቦታ አለ። ከሁለቱ አንዱ፣ ሶሎዞ፣ በጣልያንኛ ያወራዋል፤ ትርጉም ከሥር አይጻፍም። ካሜራው ማይክል ላይ ቀርቷል። የባቡር ጩኸት እየጨመረ፣ እየጨመረ ይመጣል። ባቡሩን አናየውም። በዚያ ሰዓት ሙዚቃ የለም፤ ሙዚቃው የሚገባው ተኩሶ ሽጉጡን ከጣለ በኋላ ነው። የድምፁን ሥራ የሠራው ዋልተር መርች ነው። ንግግሩ ትርጉም አልባ ሆኖ፣ ከውጭ የሚመጣ ጩኸት የሰውየውን ጭንቅላት ከፍቶ ያሳየናል። ለዳይሬክተርህ ይህን አሳየው። የእናንተ ባቡር ጀበናው ነው።

ስለ ጀርባ ድምፁ በቀረጻ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ቢመልሱልህ ይሻላል።

ምስል ይቅደም

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ስለ ግሡ ያለችውን እኔም ወስጃለሁ። ግን «መጀመሪያ በጆሮ» በሚለው አልስማማም። እንዲያውም እህታችን የጠቀሰችው ዋልተር መርች ራሱ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። አንድን ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጣጥም ድምፁን ዘግቶ ነው፤ ንግግር ያለበትንም ጭምር። ይህ ሰው «ዚ ኢንግሊሽ ፔሸንት» በተባለው የ1996 ፊልም በኤዲቲንግም በድምፅም ኦስካር የወሰደ ነው። ድምፅ ስለማያውቅ አይደለም የሚዘጋው።

እኔም ዘግቼ ነው የምጀምረው። ድምፅ ካለ የተዋናዩ ቃል ያታልለኛል። ንግግሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ዓይኑ የሞተ ቴክ እመርጣለሁ። ስዘጋው ግን ዓይን፣ እጅ፣ ትከሻ ብቻ ይቀራል። እናትየዋ የምትደነግጠው በየትኛው ቴክ እንደሆነ ያለ ድምፅ እይ።

ከሬዲዮ የመጣሁ

ወንድሜ፣ የመርችን ነገር አውቀዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። ግን ድምፁን ሲዘጋ ድምፁን እየረሳው አይደለም። ንግግሩን ከራሽ ሰምቶታል፤ ወደፊት የሚያስገባቸውን ድምፆች በሐሳቡ እየሰማ ነው የሚቆርጠው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ኤዲተሩ ምስሉን ጨርሶ ይቆልፈዋል። ድምፁ ፊልሙ ሊታይ ሲል በመጨረሻው ሳምንት ለሌላ ሰው ይላካል። ያ ሰው አንዲት ፍሬም (ፊልሙ የተሠራበትን አንድ ነጠላ ምስል) ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ፋታዎቹ ሁሉ ተወስነዋል። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ክፍተቱን በዋሽንትና በማሲንቆ መሙላት ነው። የምቃወመው ይህን ነው። ቴክ ስትመርጥ ዘግተህ ማየቱን ግን እደግፋለሁ፤ ጀማሪያችን ሁለቱንም ይሞክር።

ቡም ያዥ

የቀረጻ ቦታ ድምፅ ነው ሥራዬ። ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ።

ነጠላው፦ የእሷን ላፔል እርሳውና ቡሙን ተጠቀም። ሁለቱን በአንድ ላይ አታሰማ። ድምፅ ከአፏ ቡሙ ጋ የሚደርሰው ላፔሉ ጋ ከሚደርስበት ዘግይቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሁለቱ ሲደባለቁ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ባዶ ይሆናል። ለሚቀጥለው ጊዜ ማይኩን በሕክምና ፕላስተር ቀሚሷ ላይ፣ ነጠላው በማያልፍበት ቦታ አጣብቁት።

ብየዳው፦ ከእሱ በኩል አለመኖሩ ነው ችግሩ፤ መኖሩ አይደለም። ሁለት አማራጭ አለህ። ወይ ብየዳ የሌለባቸውን የእሷን ንግግሮች ከሌላ ቴክ ፈልገህ ታወጣለህ፤ ወይ ብየዳውን ለብቻው ቀርጸህ በትዕይንቱ ሙሉ፣ በሁለቱም በኩል ዝቅ አድርገህ ትዘረጋዋለህ። ተመልካች የማያቋርጥ ድምፅ አይረብሸውም፤ ከሾት ጋር እየተቆራረጠ ብቅ ጥልቅ የሚል ድምፅ ነው የሚረብሸው። ግን ጊዜው አመሻሽ ነው ብለሃል፤ ብየዳው ቢጠፋ ይሻላል።

አዛኑ፦ እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። አዛን ቅደም ተከተል ያለው የጸሎት ጥሪ ነው። ከልጁ ድምፅ ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ንግግሩን በቆረጥክ ቁጥር አዛኑም ይቆረጣል፤ ቃሉ ይዘበራረቃል። ሙስሊም ተመልካች በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያውቀዋል፣ ያዝናልም። አዛን የሌለባቸውን ቴኮች ተጠቀም። ካልበቁህ ተዋናዩን ጠርተህ እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ እንደገና አስቀርጸው። በእሷ ፊት ላይ የሚወድቀው «ሸጥኩት» ከንፈሩ ስለማይታይ ለዱብ (ድምፁን በኋላ ቀርጾ ለመተካት) በጣም ቀላል ነው።

አዛኑን ከወደድከው ደግሞ በሙሉ ክብሩ አስገባው። አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለብቻው ቅረጸው፤ ከሩቅ፣ በመስኮት በኩል። የዐስር አዛንና የመግሪብ አዛን ቃላቸው አንድ ነው፤ ተጨማሪ ቃል ያለው የንጋቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የዐስሩን ብትቀርጽም ለመግሪብ ይሆንሃል፤ ትዕይንትህም ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሆነ ሳትናገር ትናገራለህ።

ሩም ቶን ቀርጻችኋል? ማለትም ማንም ሳይናገር፣ ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ። ካልቀረጻችሁ ቤቱን ተመልሳችሁ ቅረጹት፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሰው እንደነበረው ሆኖ። ዝምታው ከዚህ ድምፅ ነው የሚሠራው። ታይምላይን ላይ ባዶ ቦታ ከተውክ ዝምታ አይሆንም፤ ስፒከሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ፍሪጅ ካለ ይጥፋ። እኛ ፍሪጅ ስናጠፋ የመኪናውን ቁልፍ ውስጡ እናስቀምጣለን፤ ፍሪጁን ሳናበራ ከሰው ቤት እንዳንወጣ።

የድምፅ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሁለት የሦስት ፍሬም መሸጋገሪያ አድርግ። በ25 ፍሬም ብትሠራ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ድምፁ በ48 ሺህ ኸርዝ ከተቀረጸ በዚያች አንድ ፍሬም ውስጥ 1920 ሳምፕል (ጥቃቅን የድምፅ ቁራጭ) አለ። አንዳንዴ አንዲት ፊደል ለማዳን ከፍሬም በታች መውረድ ይኖርብሃል። ፕሮግራምህ ይፈቅድልሃል።

ጀማሪ ኤዲተር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞከርኩት። «ሸጥኩት»ን እሷ ላይ ሳደርገው እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳየው የኖርኩት ትዕይንት አልመስልህ አለኝ። ቴኩንም ድምፅ ዘግቼ ነው የመረጥኩት። አዛኑን አውጥቼዋለሁ፤ ሩም ቶኑን ነገ እንቀርጻለን።

ከሬዲዮ የመጡት እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። «እህ» የምትለውን አገኘሁት፤ ግን በሌላ ቴክ ነው። አንስቼ በዚህኛው ሾት ላይ ብለጥፈው ማጭበርበር አይሆንም? ደግሞስ ዝምታው ስንት ሰከንድ ይሁን? ዳይሬክተሩ ያለ ሙዚቃ ይህን ያህል ዝም ከተባለ ሰው ስልኩን ያወጣል ይላል።

ከሬዲዮ የመጣሁ

ማጭበርበር አይደለም። የእሷው ትንፋሽ ነው፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ቀን። ከንፈሯ በማይታይበት ወይም እሱ ላይ በሆንክበት ሰዓት አስገባው።

የ«ዘ ጎድፋዘር» ዳይሬክተር ኮፖላ በ1974 በሠራው «ዘ ኮንቨርሴሽን» ላይ ከዚህ የበለጠ ተደርጓል። አንድ ሰላይ የሁለት ወጣቶችን ወሬ ቀድቶ ደጋግሞ ይሰማዋል። ወንዱ ስለ ሴቷ ባል «ዕድሉን ቢያገኝ ይገድለናል» ይላል። ፊልሙን ሙሉ ጫናው «ይገድለናል» ላይ ነው፤ ስለዚህ የፈሩ ሰዎች ይመስሉናል። መጨረሻ ላይ ግን ያው ንግግር ጫናው «እኛን» ላይ ሆኖ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛው «እኛን» ራሱን የቻለ ቃል ነው። እነሱ ናቸው ሊገድሉት ያሰቡት። ሁለቱ የተለያዩ ቅጂዎች ናቸው፤ የታሪኩ ፍቺ በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በተነገረበት አኳኋን ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ቴክ ስትመርጥ የልጁን «ሸጥኩት» በየቴኩ አወዳድር። አንዱ ላይ ይቅርታ የሚለምን ይመስላል፤ ሌላው ላይ የጨረሰ፣ ምን ታመጪያለሽ የሚል። የትኛው ልጅ እንደሆነ አንተና ዳይሬክተሩ መወሰን አለባችሁ። ይህ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዝምታውን በሰከንድ አልነግርህም። ታሪኩን የማያውቅ ሰው አጠገብህ አስቀምጥና እሱን እየው። ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ሲጀምር አልፎሃል። ግን ዝምታው በራሱ አይለቅ፤ የሚጨርሰው ድምፅ ስጠው። ጀበናው ይገንፍል። ቡናው ፍሙ ላይ ፈስሶ «ጭስስ» ሲል እናትየዋ ወደ እሱ ትዞራለች። ለመቁረጥ ምክንያት አገኘህ። ወደ ሰፊው ሾት ትመለሳለህ፤ ስኳሩን ስትጠይቀው ጀርባዋን እናያለን። የጀበናው ድምፅ ካልተቀረጸ ከሰል አቀጣጥለህ፣ ማይክ አስጠግተህ ትንሽ ቡና ጠብ አድርግበት። ስታንቆረቁርም ቅረጽ። ሲኒ ለሲኒ ሲነካካም ቅረጽ።

ስለ ሙዚቃው ዳይሬክተርህን እንዲህ በለው። ያለ ሙዚቃ አንድ ጊዜ እንጨርሰው፣ ለአምስት ሰው እናሳየው፣ ከዚያ አንተ ወስን። ሙዚቃ መጀመሪያ ከገባ ሁላችሁም ትለምዱታላችሁ፤ ስታወጡት የጎደለ ይመስላችኋል። በመጨረሻ ካስገባ ደግሞ ከስኳሩ ጥያቄ በኋላ ይሁን። እናትየዋ ዝም ባለችበት ሰዓት ሌላ ማንም እንዳያዝንላት።

ሰው ስልክ ያወጣል ላለው፣ ብዙው ሰው መጀመሪያውኑ የሚያየው በስልክ ነው። ስለዚህ ስትጨርስ በሄድፎን ብቻ አትፍረድ፤ በስልክህ ስፒከር ስማው። የጀበናው ፍልቅልቅታ ዝቅ ያለ ድምፅ ስለሆነ እዚያ ላይ ይጠፋል፤ ዝምታህ ባዶ ይሆናል። ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸውን እነሲኒን፣ የፍሙን ፍንጥርጥርታ በትንሹ ከፍ አድርጋቸው። ከዚያ ላክልኝ፣ እሰማዋለሁ።